ምዕራፍ ስድስት፦ በሌላ ሰው ልክ

ሁለት የከፋይ ቀሚሶች ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግተዋል። ሁለቱም ወይን ጠጅ ናቸው፤ ሁለቱም የተሰፉት የድሮ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ለሚታይበት ቴአትር ነው። ትርኢቱ ሊጀምር ሦስት ቀን ቀርቶታል። አዲሶቹ ተዋንያን ከቀድሞዎቹ ወፈር ስለሚሉ እያንዳንዱ ቀሚስ ደረቱና ወገቡ ላይ ስድስት ስድስት ሳንቲ ሜትር መጨመር አለበት።

የመጀመሪያውን ቀሚስ ጎኑን ተረተርኩት። ውስጡ አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። እጥፋቱ ላይ ሦስት የመርፌ ፈለጎች ይታያሉ፤ በአንደኛው የጥቁር፣ በሁለተኛው የቡኒ፣ በሦስተኛው የቀይ ክር ቅሪት ተሰክቷል። ከእኔ በፊት ሦስት እጆች ይህን ልብስ ለሦስት ገላ አጥብበውታል፣ አስፍተውታል። ጨርቁን ግን አንዳቸውም አልቆረጡትም። ሥራዬን በአንድ ከሰዓት ጨረስኩ።

ሁለተኛው ቀሚስ የተሰፋው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጎኑን ስከፍት ያገኘሁት በኦቨርሎክ መኪና ተከርክሞ የታሰረ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ጠርዝ ብቻ ነበር። የሚለቀቅ ጨርቅ የለም። ገበያ ወርጄ ተመሳሳይ ከፋይ ፈልጌ ከብብት እስከ ወገብ ቁራጭ አስገባሁበት። ከፋይ ጠጉር አለው። ጠጉሩ ወደ ላይ ሲተኛና ወደ ታች ሲተኛ ብርሃኑን የሚመልሰው በተለያየ መንገድ ነው። በጥድፊያ ቁራጩን ገልብጬ ሰፍቼው ኖሮ፣ በልምምዱ ማታ የመድረኩ መብራት ሲበራ በተዋናይቷ ግራና ቀኝ ጎን ጥቁር ሰረዝ የወረደ መሰለ። ያን ሌሊት ሙሉ ስተረትር አደርኩ።

የታሪክ ልብስ የሚሰፋ ሰው ብስጭት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል። መርፌው አይደለም የሚያስቸግረው። የያዝነው ልብስ በሌላ ሰው ልክ፣ በሌላ ዘመን የጨርቅ ዋጋ፣ በሌላ ዓይነት እጅ የተሠራ ሆኖ ሳለ እኛ በራሳችን ዘመን ልማድ ልናስገድደው እንሞክራለን። ይህ ምዕራፍ ልብሱ ለምን እምቢ እንደሚል ያስረዳል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰፋ እና ሰፋ

በአማርኛ «ሰፋ» ሁለት ነገር ነው። በመርፌ የተጠቀመው ሰው ሰፋ፤ ጠቦ የነበረውም ነገር ሰፋ። በግዕዝ ሥርወ ቃላቸው ለየቅል ነው። የመርፌው ከ«ሰፈየ»፣ የስፋቱ ከ«ሰፍሐ» ይመጣል፤ ዘመን ነው ድምፃቸውን ያገናኘው። ለእኔ ግን ይህ መገጣጠም የሙያውን ትምህርት በአንድ ቃል ይዟል። ልብስ ስፌት መኪና ከመምጣቱ በፊት በነበረችው አውሮፓ ጥሩ ልብስ መስፋት ማለት ነገ ሊሰፋ በሚችልበት መንገድ መስፋት ማለት ነበር።

ምክንያቱ ዋጋ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የሐር ጨርቅ ከባድ ወጪ ነበር፤ የሰፊዋ የእጅ ዋጋ ግን በንጽጽር ትንሽ ነበር። ይህን በዓይን ለማየት የሚረዳን አንድ መዝገብ አለ። ባርባራ ጆንሰን (1738–1825) የቄስ ልጅ ነበረች። ከ1746 እስከ 1823 ካሠራቻቸው ልብሶች ቁራጭ ጨርቅ እያስቀረች በአንድ የሒሳብ መዝገብ ላይ ትይዝ ነበር። ከቁራጩ አጠገብ ስንት ያርድ እንደተገዛ፣ ያርዱ ስንት እንደሆነና ምን እንደተሠራበት ጽፋለች። መዝገቡ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። ያን መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ጨርቅ ምን ያህል ክብር እንደነበረው ይገባዋል። ሰባ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ ቤት ሀብት ሲቆጠር የኖረ ነገር በመቀስ አይቀለድበትም።

በዚያ ላይ የሐሩ ወርድ ጠባብ ነበር፤ ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ። አንድ ሙሉ ቀሚስ ከነጉርዱ ከ10 ሜትር በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ሰፊዋ ጨርቁን በተቻለ መጠን ሳትቆርጥ በእጥፋት ታስተካክለው ነበር። የተረፈውን ወደ ውስጥ ታጥፋለች፤ ጉርዱን ረጅምና ልል በሆነ የእጅ ስፌት ታያይዛለች። ወገብና ደረት ላይ፣ ልብሱ ገላ በሚይዝበት ቦታ፣ ስፌቱ ይደቃል። ሌላው ሁሉ ክሩ ተስቦ በቀላሉ እንዲወጣ ሆኖ የተሰፋ ነው።

ፋሽን ሲለወጥም ቀሚሱ አይጣልም። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ላይ የፈረንሳይ አሠራር የሚባለው ቀሚስ ከጀርባው ከአንገት እስከ መሬት የሚወርድ ሰፊ እጥፋት ነበረው። ኋላ ላይ ጀርባውን ከገላ ጋር ያጣበቀው የእንግሊዝ አሠራር ሲወደድ፣ ሰፊዎች ያንኑ እጥፋት ወደ ገላ አስጠግተው ሰፉትና አዲስ ልብስ አደረጉት። በ1856 የብረት ቀለበት ያለው የቀሚስ መደገፊያ ከመጣ በኋላ ቀሚሶች እንደ ድንኳን ሰፉ። በ1870ዎቹ ስፋቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ ደግሞ የድንኳኑ ጨርቅ ተፈትቶ እንደገና ተሠራ። በየሙዚየሙ ካሉት ቀሚሶች ብዙዎቹ የዚህ ታሪክ ምልክት አለባቸው፤ ክር የሌለበት የመርፌ ቀዳዳ፣ የድሮ እጥፋት ሰንበር፣ ፀሐይ ያላገኘው ደማቅ ሰረዝ።

ከዚያ መኪናው መጣ። ኤልያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንጀር በ1851 የፈጠራ መብታቸውን አስመዘገቡ። ስሙ በእኛም ሰፈር የመኪናው ስም ሆኖ የቀረው ሲንጀር ማለት ነው። መኪናው የሚሰፋው በሁለት ክር ነው፤ የላዩና የታችኛው ክር በየስፌቱ ጨርቁ መሐል ይቆላለፋሉ። የእጅ ስፌት አንድ ክር ስለሆነ ጫፉን ቆርጠህ ብትስበው ይከተልሃል። የመኪናው ግን አይከተልም፤ በየጥቂት ስፌቱ እየተቆረጠ መልቀም አለበት። ጥንካሬው ለአዲስ ልብስ ጸጋ ነው፤ ለሚተረትር ሰው ግን ፈተና ነው። ጨርቅ እየረከሰ፣ የሰው ሰዓት እየተወደደ ሲሄድ ትርፍ ጨርቅ መተው እንደ ብክነት ተቆጠረ። ኦቨርሎክ እየሰፋ ይቆርጣል። የእኔ ሁለተኛ ቀሚስ ጥፋት የመጣው ከዚህ ነው። የሰፋው ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ስፌቱ እንከን የለውም። ልብሱ ግን አንድ ሰው ብቻ እንዲለብሰው ሆኖ ተዘግቷል።

እጄ አልነሳ አለኝ

«እትዬ፣ እጄ አልነሳ አለኝ!»

ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። ተዋናይቷ ጽዋ ማንሳት አለባት፤ እጇ ከትከሻዋ በላይ ሲሄድ የቀሚሱ ወገብ አብሮ ይወጣል፣ ደረቱ ይጨማደዳል። ማንኛውም ሰፊ መጀመሪያ የሚያስበው የእጅጌውን ቀዳዳ ከብብት ስር ዝቅ አድርጎ ማስፋት ነው። እኔም በጀማሪነቴ መቀስ አንስቼ ያንኑ አደረግሁ። ልብሱ ባሰበት። የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዳዳው ዝቅ ባለ ቁጥር እጅጌውና የልብሱ ጎን በረጅም መስመር ይያያዛሉ። እጅ ሲነሳ ጎኑን ይጎትታል፤ ጎኑ ወገቡን ይጎትታል። ቀዳዳው ጠባብ ሆኖ ብብት ስር ጥግት ሲል ግን እጅ ብቻውን ይነሳል፤ ልብሱ ባለበት ይቀራል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰፊዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የእነርሱ ቀዳዳ ትንሽ፣ ከፍ ያለና ወደ ኋላ የተሳበ ነው። ለእኛ ዓይን ጠባብ መስሎ ይታያል እንጂ እንቅስቃሴን የሚያስገኘው እሱ ነው። በዘመኑ የነበረው የውስጥ ሸሚዝ ደግሞ ከብብት ስር አራት ማዕዘን ቁራጭ ነበረው። ሸሚዙ የሚሠራው በቀጥታ መስመር ከተቆረጡ ጨርቆች በመሆኑ የእጅን መዞሪያ የምትሰጠው ያቺ ትንሽ ቁራጭ ናት። ያበላሸሁትን ቀሚስ በመጨረሻ ያዳንኩት እንዲህ ዓይነት ቁራጭ አስገብቼ፣ ቀዳዳውንም መልሼ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ነው።

ሌላው ችግር ገላው ራሱ ነው። የዚያ ዘመን የአውሮፓ ሴት ከቀሚሷ በታች ደረትንና ወገብን አጥብቆ የሚይዝ ኮርሴት ትለብስ ነበር። ማጠንከሪያው የዓሣ ነባሪ አጥንት ይባል እንጂ አጥንት አይደለም፤ እንስሳው በአፉ ውስጥ ምግቡን የሚያጣራበት ቀንድ መሰል ነገር ነው። በገላ ሙቀት ይለዝባልና የለባሿን ቅርጽ ይይዛል። የባለጸጋ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይለብሱት ስለነበር ትከሻቸው ወደ ኋላና ወደ ታች መቀመጥን ለመደ። ቀሚሱ የተቆረጠው ለዚያ ትከሻ ነው። ጀርባው ጠባብ፣ ፊቱ ክፍት ነው። ዛሬ ቀኑን ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ስልክ ያጎነበሰ ትከሻ ሲገባበት ጀርባው ይወጠራል፤ የልብሱ ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ልብሱ አይገባም። ሜትር ዙሪያን ይነግረናል፤ ሰው እንዴት እንደሚቆም አይነግረንም።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያስለቅሰውም ይህን ማዛባት ነው። የታሪክ ልብስ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሠራል። መጀመሪያ የውስጥ ሸሚዝ፣ ቀጥሎ ኮርሴት፣ ቀጥሎ የዳሌ መደገፊያና የውስጥ ጉርድ፣ በመጨረሻ ቀሚስ። ልኩ የሚወሰደው ያ ሁሉ ተለብሶ ነው። ኮርሴቱ ሲታሰር ደረት ከፍ ይላል፣ ወገብ ይቀንሳል፣ ጀርባ ይቀናል፤ ባዶ ገላ ላይ የተወሰደ ልክ ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም። ጫፉም እንዲሁ ነው። መደገፊያው ጨርቁን ስለሚያነሳ፣ ያለ መደገፊያና ያለ ጫማ የተዘመዘመ ቀሚስ መድረክ ላይ ከፊት አጥሮ ከኋላ ይጎተታል። ኮርሴቱና የልምምድ ጉርዱ ለተዋንያን በልምምዱ ቀደምት ቀናት መሰጠት ያለበትም ለዚህ ነው። ተዋናይቷ መተንፈስን፣ መቀመጥን፣ ደረጃ መውጣትን በዚያ ውስጥ መማር አለባት። በመጨረሻው ቀን የሚመጣ ኮርሴት ልብሱንም ትወናውንም ያበላሻል።

ጨርቅ ያስታውሳል

የአሮጌ ልብስ ብስጭት አንዳንዴ ከጨርቁ ውስጥ ይመጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠሩ የሐር ቀሚሶች በእጥፋታቸው ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ሲሰነጠቁ ይታያል። ሐር ከትሉ ሲወጣ በተፈጥሮ ሙጫ የተሸፈነ ነው። ሙጫው ሲታጠብ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ይሄዳል። ሐር ደግሞ በክብደት ይሸጥ ነበር። አምራቾች የጎደለውን ክብደት ለመተካት፣ አልፎም ለመጨመር፣ ሐሩን እንደ ቆርቆሮ ባሉ የብረት ጨዎች ይነክሩት ጀመር። ጨርቁ ከበድ አለ፤ ሲንቀሳቀስም ደስ የሚል ድምፅ አወጣ። ጨዎቹ ግን ከዓመት ዓመት ክሩን ከውስጥ በሉት። እንዲህ ያለ ሐር መርፌ ሲነካው ይቀደዳል፤ ምንም የእጅ ጥበብ አያድነውም። እንዲህ ዓይነት ልብስ በእጁ የገባ ሰው ማድረግ ያለበት ቅርጹን ወስዶ በአዲስ ጨርቅ መሥራት ነው።

የእኛ የሸማ ሥራም የራሱ ባሕርይ አለው። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ ነው። እጅ የፈተለው ክር ልል ስለሆነ ሲቆረጥ ጠርዙ ይበተናል፤ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ የተቆረጠ ፈትል ልክ ሆኖ ተሰፍቶ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ የሌላ ሰው ልብስ ይሆናል። ማሳጠሩም ቀላል አይደለም። ጥለቱ ጫፉ ላይ ያለ ቀሚስ ከታች አይቆረጥም፤ ውበቱ እዚያ ነውና። ከወገቡ ተፈትቶ ከላይ ነው የሚቀነሰው። ፊቱ ላይ ከደረት ወደ ታች የሚወርድ ጥበብ ካለ ግን ወገቡ ሲቀነስ ጥበቡም ይቆረጣል። የእናቷን ቀሚስ ለሠርጓ ልታስተካክል የመጣች ልጅ «ትንሽ ነው የሚቀነሰው» ስትል፣ ሰፊዋ ዝም ብላ ጨርቁን የምታገላብጠው ሸማኔው የጨረሰበትን መስመር እየፈለገች ነው።

ከመስታወት ጀርባ

እስካሁን ያወራነው ልብሱ በእጃችን ስላለ ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ የለም። ያለን ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶግራፍ ደግሞ ፊትን እንጂ ጀርባን አያሳይም። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ንብረቶች አንዱ ነው። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ለሕዝብ አሳይቶታል። እቴጌይቱን ለመድረክ ማልበስ የሚፈልግ ሰፊ አዲስ አበባ ተቀምጦ ጥልፉን በፎቶ ያያል። ገበሩን አያይም፤ ስፌቱ ወዴት እንደታጠፈ አያይም፤ ጨርቁ በእጅ ሲያዝ ምን ያህል እንደሚከብድ አያውቅም። የልብስ እውቀት ያለው ከውስጥ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። የቅርስ መመለስ ጥያቄ ለእኔ ከክብር በተጨማሪ የሙያ ጥያቄ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ልብስን ከውስጥ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳየችን እንግሊዛዊቷ ጃኔት አርኖልድ (1932–1998) ናት። በየሙዚየሙ እየዞረች የቀሩትን ልብሶች በጥንቃቄ ለካች፤ እያንዳንዱን ቁራጭ፣ እጥፋትና የስፌት መስመር በካሬ ወረቀት ላይ በመጠኑ ሣለች። የመጀመሪያው መጽሐፏ በ1964 ወጣ። ዛሬ የታሪክ ልብስ የሚሰፋ ሰው ያለ እርሷ ሥዕሎች ሲሠራ ማሰብ ይከብዳል። ለንደን ውስጥ ዳግም ተሠርቶ በ1997 በተከፈተው የሼክስፒር ግሎብ ቴአትር የአልባሳት ባለሙያዋ ጄኒ ቲራማኒ ይህን እውቀት ወደ መድረክ ወሰደችው። ልብሶቹ በሼክስፒር ዘመን ዓይነት ጨርቅ፣ በዚያው ዘመን አቆራረጥ፣ በእጅ ተሰፉ። ለሼክስፒር ተውኔት «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በሠራችው ልብስ በ2014 የቶኒ ሽልማት አግኝታለች። ትልቁ ነገር ግን ተዋንያኑ በዚያ ልብስ ውስጥ የነበራቸው አቋቋም ነው። ልብሱ በትክክል ሲሠራ አቋቋምን ያስተምራል።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይነካም፤ እሱም ዋናው ልብስ ነው። የፊልም ተዋናይዋ ማሪሊን ሞንሮ በ1962 ለአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኬኔዲ የልደት ዝማሬ የለበሰችው ቀሚስ በ2016 ከ4.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። በ2022 የቴሌቪዥን ታዋቂዋ ኪም ካርዳሺያን ኒውዮርክ በተደረገው ሜት ጋላ በሚባል የፋሽን ድግስ ላይ ለበሰችው። ልብሱን ማስተካከል ስለማይቻል ገላዋን ለልብሱ አሳነሰች፤ ከኋላው ግን አልዘጋላትም። የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የአልባሳት ኮሚቴ ታሪካዊ ልብስ በማንም ሊለበስ አይገባም ሲል አቋሙን ገለጸ። እኔም በዚህ አምናለሁ። ላብ፣ ውጥረት፣ የመብራት ሙቀት አሮጌ ክር የሚችላቸው አይደሉም። ዋናው ይጠና፤ የሚለበሰው ቅጂው ይሁን።

ለሚመጣው እጅ

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ መቀስ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ነገር ይሉኝ ነበር፤ «ልጄ፣ ጨርቁን አትጨርሺው።» በዚያ ዕድሜዬ ስለ ቁጠባ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር። አሁን የምሠራው እንደ ቃላቸው ነው። መጀመሪያ ልብሱን በአቡጀዴ እሰፋለሁ፤ ስህተቴን ርካሽ ጨርቅ ይሸከመው። ተዋናይቷ ያን ለብሳ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ እጇን ታነሳለች። በውዱ ጨርቅ ላይ መጀመሪያ የምሰፋው በልል የእጅ ስፌት ነው፤ ልኩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ አጠብቀዋለሁ። ጎንና ጀርባ ላይ ቢያንስ ሦስት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ እተዋለሁ፤ እንዳይበተን ጠርዙን በእጅ እይዘዋለሁ እንጂ አልከረክመውም። ሊለወጥ የሚችለውን ቦታ ሁሉ በእጅ፣ የማይለወጠውን በመኪና እሰፋለሁ። ከገበሩ ውስጥ ደግሞ የጨርቁ ጠጉር ወዴት እንደሚተኛ የሚያሳይ ቀስት የተጠለፈበት ትንሽ ጥብጣብ አኖራለሁ።

ያ ሁለተኛው የከፋይ ቀሚስ ከዚያ ትርኢት በኋላ ተመልሶ እጄ ገባ። በጥድፊያ ያስገባሁትን ቁራጭ አወጣሁና ሰፋ ያለ፣ ጠጉሩ ወደ ታች የሚተኛ፣ ወደ ውስጥ ብዙ እጥፋት ያለው ሌላ ቁራጭ ከጎን እስከ ጎን አስገባሁበት። ልዩነቱ እንዳይታወቅ በላዩ ላይ ጥልፍ አወረድኩበት። አሁን ለሌላ ገላ መስፋትም መጥበብም ይችላል።

የመጀመሪያውን ቀሚስ የሰፋሁት በአረንጓዴ ክር ነው። ከጥቁሩ፣ ከቡኒውና ከቀዩ ፈለግ አጠገብ አራተኛ መስመር ሆኖ ተቀምጧል። ከመስመሩ ወዲያ ገና ሁለት ጣት ጨርቅ አለ።